ኮዱ «ካምቢዮ ቀይር» አላለም፦ ስለ ፒ2544 ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደንበኞቼ አንድ ጽሑፍ እየደጋገሙ ያሳዩኛል። «ቼክ ኢንጅን በርቶ ኮዱ ፒ2544 ከሆነ ካምቢዮህ አልቆለታል» ብሎ ይጀምራል። ኮድ ማለት የመኪናው ኮምፒዩተር ብልሽት ሲያይ የሚመዘግበው ቁጥር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ስልኩን ከፍቶ አስነብቦኛል። አንደኛው ጭራሽ «ሶማሌ ተራ ካምቢዮ ላፈላልግ ወይ?» ብሎ ነው የደወለልኝ። መኪናውን ገና አላየሁትም። ኮፈኑ እንኳን አልተከፈተም።

እኔ ሱሉልታ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጻፈው ሰው ለባለመኪናው አዝኖ እንደጻፈው ያስታውቃል፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። ግን ምክሩን አምኖ የሄደ ሰው ያለ ጥፋቱ ብዙ ብር ያወጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው። ኮዱ የካምቢዮ መሞት ምልክት ነው። የቶርክ ቁጥጥር ሞተሩን የሚያንቅ ነገር ስለሆነ ለአዲስ አበባ ዳገት ማስጠፋት ይሻላል። ኮዱ የሚመጣው ከአገራችን ከፍታ የተነሳ ነው። ባትሪ ነቅሎ መልሶ ማሰር ያጠፋዋል። ካልጠፋ የሞተሩን ኮምፒዩተር መቀየር ነው። የካምቢዮ ዘይት መታየት አለበት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለምርመራ ብቻ ብር የሚጠይቅ ጋራዥ አጭበርባሪ ነው ይላል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው።

«ኮዱ ካምቢዮ ተበላሽቷል ማለት ነው»

አይደለም። ኮዱ የሚያወራው ስለ ካምቢዮው ሳይሆን ስለ አንድ መልእክት ነው።

መጀመሪያ ቶርክ ምን እንደሆነ እንግባባ። የጎማ ብሎን ስትፈቱ ቁልፉ ላይ የምታሳርፉት የመጠምዘዝ ጉልበት ቶርክ ነው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ ስታስረዝሙት ብሎኑ እሺ የሚለው ቶርኩ ስለጨመረ ነው። ሞተሩም ካምቢዮውን በዚሁ ጉልበት ነው የሚጠመዝዘው።

አሁን ማንዋል መኪና የነዳ ሰው ያስታውስ። ማርሽ ስትቀይሩ ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ። በዚያው ቅጽበት ግን ሌላም ነገር ታደርጋላችሁ፤ ከነዳጁ ላይ እግራችሁን ታነሳላችሁ። ማንም ነዳጅ ረግጦ ይዞ ማርሽ አይቀይርም። አውቶማቲክ መኪና ላይ ግን እግራችሁ ነዳጁ ላይ እንዳለ ነው ማርሹ የሚቀየረው። ታዲያ እግሩን ማን ያንሳ? የካምቢዮው ኮምፒዩተር ለሞተሩ ኮምፒዩተር መልእክት ይልካል። «ማርሽ ልቀይር ነው፣ ለአፍታ ጉልበት ቀንስልኝ» ይለዋል። ሞተሩ ይቀንሳል። ማርሹ ይገባል። ጉልበቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሹፌሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ፒ2544 የዚያ ልመና ኮድ ነው። ትርጉሙ «ጉልበት ቀንስ የሚለው መልእክት አልደረሰኝም፣ ወይም የደረሰኝ ትክክል አይመስለኝም» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ወንድሞቹም አሉ። ፒ2545 መልእክቱ ከሚጠበቀው ክልል ወጥቷል ይላል። ፒ2546 ዝቅ ብሏል ይላል። ፒ2547 ከፍ ብሏል ይላል። ጽሑፉ አራቱንም በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል። ለመርማሪ ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። ዝቅ ያለ ሲግናል ከቦዲ ጋር የነካ ሽቦን ሊጠቁም ይችላል። ከፍ ያለ ደግሞ ከባትሪ መስመር ጋር የተገናኘን።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ጉልበት ቀንስልኝ የሚለው ካምቢዮው ብቻ አይደለም። ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ፍሬኑን የሚቆጣጠረው የኤቢኤሱ ኮምፒዩተርም ይህንኑ ይለምናል። ስለዚህ መነሻው ከካምቢዮው ጋር ምንም የማይገናኝበት ጊዜ አለ። ልመናው ከየትኛው ክፍል እንደሚመጣ የመኪናው የጥገና መመሪያ ይነግራችኋል።

ለምሳሌ ያህል በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ሰው አውቶማቲክ ፒካፕ ይዘው መጡ። ድርቆሽ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ሱሉልታን የሚያውቅ ድርቆሹንም ያውቃል። «እንጦጦን ስወጣ ማርሽ ሲቀይር በጥፊ እንደመታኝ ያንገጫግጨኛል» አሉኝ። «ከዚያ ሦስተኛ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። አጥፍቼ ሳስነሳው ይሻለዋል።» ከዚያ በፊት ያሳዩበት ጋራዥ ፒ2544 አንብቦ ካምቢዮ ይቀየር ብሏቸዋል። ዋጋውን ሰምተው ነው እኔ ዘንድ የመጡት።

ሦስተኛ ላይ መቸከሉ አላስገረመኝም። መልእክቱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ራሱን ለመጠበቅ መኪናውን በአንድ ማርሽ ብቻ ያስኬደዋል፤ ቤት ድረስ እንዲያደርሳችሁ ያህል ነው። ማንገጫገጩም እንደዚሁ ነው። እግሩን የሚያነሳለት ካጣ ማርሹ በሙሉ ጉልበት ላይ ይገባል። ሁለቱም የካምቢዮ በሽታ ይመስላሉ፤ ጽሑፉን ያሳሳተውም ይህ መሰለኝ።

አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ የሚሻለው ቀን አለ?»

«ፀሐይ ከወጣ ደህና ነው። ሲዘንብ ነው የሚብሰው።»

ይህች መልስ ለእኔ ከኮዱ ትበልጣለች። ካምቢዮ ውስጥ ያለ የተበላ ፍሪሲዮን ዝናብና ፀሐይ አይለይም። ዝናብ የሚለየው ሽቦ ነው።

የጉልበት ልመናው በድሮዎቹ መኪኖች ላይ በራሱ ሽቦ ይሄዳል። በአሁኖቹ ላይ ግን ካን በሚባለው መስመር ነው የሚሄደው። ካን ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው የመኪና ኮምፒዩተሮች መነጋገሪያ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ እንደ ሹሩባ እርስ በርስ የተጠማዘዘ። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ እያንዳንዱ 120 ኦም የሚለካ ተከላካይ አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲለኩ ግማሹን ያነብባሉ። ስለዚህ ባትሪ ነቅላችሁ ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ ላይ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ብታደርጉ ወደ 60 ኦም ማንበብ አለበት። 120 ካነበበ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

የጋሼ ፒካፕ 60 አነበበ። ደህና ነው ማለት ነው? ቴስተሩን እንደተሰካ ትቼ ረዳቴን «የሽቦ ጥቅሉን በእጅህ ቀስ እያልክ ነቅንቅ» አልኩት። ከዳሽቦርዱ ሥር ጀመረ፣ ለውጥ የለም። በግድግዳው በኩል ወደ ሞተር ክፍል ወጣ፣ ለውጥ የለም። ከባትሪው መደብ ኋላ እጁን ሲከት ቴስተሩ ወደ 120 ዘለለ። መልሶ 60 ሆነ። እንደገና 120።

ባትሪውን አወጣነው። ከሥሩ አንድ እፍኝ ድርቆሽ ተገኘ። ከድርቆሹ ጋር የፕላስቲክ ቁርጥራጭና የአይጥ ኩስ። ጎጆ ሠርታለች። ከጎጆው ጎን ከተጠማዘዙት ሽቦዎች አንዱ ልብሱ ተገፎ መዳቡ ታየኝ። ከመዳቡም አብዛኛው ክር ተበጥሷል። የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች ናቸው። እነሱም አረንጓዴ ዝገት ይዟቸዋል። ሲደርቅ ይነካሉ፤ ሲረጥብና ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ይላቀቃሉ። የአንድ ካምቢዮ ዋጋ ሊወጣበት የነበረው ነገር ይኼው ነው።

ድርቆሽ ከመኪና ማቆሚያ አጠገብ መከመር እኛ ጋ የተለመደ ነው። ሰንዳፋም፣ ሰበታም፣ ሆለታም እንደዚያው ነው። ከተማ መሐል ያለ መካኒክ ይህን ላያስበው ይችላል። እኛ ጋ ግን ክረምት ላይ አይጥ ሞቃት ቦታ ትፈልጋለች። ሲመሽ ደግሞ ከኮፈን ሥር የበለጠ የሚሞቅ ቦታ የለም።

«የቶርክ ቁጥጥሩን ማስጠፋት ይሻላል»

ይህኛው ነጥብ ያሳስበኛል። ሰው ቢሞክረው እውነተኛ ጉዳት የሚያደርስ ምክር ነው።

ጽሑፉ «ነጮቹ ለደልዳላ አገር የሠሩት ማነቂያ ነው» ይላል። ለዳገት ሙሉ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያጠፋ ሰው ፈልጉ ይላል። ሙሉ ጉልበት ማስፈለጉ እውነት ነው። ግን ቁጥጥሩ ዳገት ላይ ያላችሁን ጉልበት አይወስድም። የሚቀንሰው ማርሹ በሚቀየርባት ቅጽበት ብቻ ነው። ማርሹ ከገባ በኋላ ያለውን ሁሉ ይሰጣችኋል።

እንዴት እንደሚቀንስ ማወቅም ይጠቅማል። በቤንዚን ሞተር ላይ ካንዴላው የሚተኩሰው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ኮምፒዩተሩ ያንን ትንሽ ያዘገየዋል። ዘግይቶ የተተኮሰ እሳት ፒስተኑን የሚገፋው በደከመ ጉልበት ነው። ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ ወዲያው ይመለሳል። ሌላው የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ በትንሹ መዝጋት ነው። ይህ ዘግየት ይላል፤ ቀድሞ የገባው አየር እስኪያልቅ ይቆያል። አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ ለተወሰኑ ሲሊንደሮች ነዳጅ ይቆርጣል። ሦስቱም ለዓይን ጥቅሻ ያህል ናቸው።

አሁን ይህ ባይኖርስ? አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚይዙ ስስ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉ። ማርሽ ሲቀየር አንደኛው ይለቅቃል፣ ሌላኛው ይይዛል። በመካከል ሁለቱም እየተንሸራተቱ የሚፋተጉባት ጊዜ አለች። ፍትጊያ ሙቀት ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየገፋ ከተፋተጉ ሙቀቱ ይበዛል። ሳህኖቹ ይቃጠላሉ። ዘይቱም ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ይሸታል።

እስቲ አስቡት። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ጭነት ይዞ እንጦጦን የሚወጣ ፒካፕ ስንት ጊዜ ማርሽ ይቀይራል? ከመኪናና ከአህያ ጋር እየተጋፋ፣ እየቆመ እየተነሳ። ያ ሁሉ ያለ ቁጥጥር ቢሆን ጽሑፉ «አልቆለታል» ያለው ካምቢዮ ያኔ በእውነት ያልቃል። ለደልዳላ አገር ከሚያስፈልገው ይልቅ ለእኛ ዳገት ነው ይህ ነገር የሚያስፈልገው። እባካችሁ ይህን አታስጠፉ።

«ኮዱ የሚመጣው ከከፍታው ነው»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚሆነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደዚያው ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። «መኪናዬ ጂቡቲ ወርዶ ሌላ መኪና ሆነ» የሚሉ ሹፌሮች እውነታቸውን ነው።

ግን ይህ ኮድ አያመጣም። የሞተሩ ኮምፒዩተር የአየሩን ግፊት ይለካል። የሚገባውን አየር ይለካል። ምን ያህል ጉልበት መስጠት እንደሚችል የሚያሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። አየሩ ሲሳሳ ስሌቱም አብሮ ይወርዳል። ፒ2544 ደግሞ የሚጠይቀው ሞተሩ ስንት ጉልበት እንዳለው አይደለም፤ መልእክቱ ደርሷል ወይ ብሎ ነው። መልእክት በሽቦ ውስጥ ሲሄድ እንጦጦ ላይም አዋሽ መልካሳም ያው ነው።

ከፍታ የሚያባብሰው ሌላ ችግር ግን አለ፣ የአየር ፊልትሮ ሲደፈን ጭራሽ መኪናው አልሳብ ይላል። ለእሱ ፊልትሮ መቀየር ነው።

«ባትሪ ነቅለህ እሰረው፣ ይጠፋል»

መብራቱ ይጠፋል፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ኮዱም ይጠፋል። ምክንያቱ ግን እዚያው አለ። የጋሼ አይጥ ባትሪ ሲነቀል አትሞትም።

የከፋው ደግሞ ከኮዱ ጋር ማስረጃው መጥፋቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ኮድ ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ እንደ ፎቶ ያስቀምጣል። ፍጥነቱ ስንት ነበር? ሞተሩ በስንት ዙር ይሽከረከር ነበር? ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? ያቺ ፎቶ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። ሳላያት ከጠፋች በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንብቡ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ አጥፉ። ካጠፋችሁ በኋላም ነድታችሁ መመለሱን እዩ።

ሌላም አለ። ባትሪ ሲነቀል ካምቢዮው ከሹፌሩና ከዘይቱ ጋር ተለማምዶ የያዘውን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለጥቂት ቀናት አለወትሮው ይቀይራል። ሰው ይህን አይቶ «ይኸው ባሰበት፣ ካምቢዮ ነው» ይላል።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ደላላ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት ኮድ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በመመርመሪያው መሣሪያ ላይ የራስ ምርመራ ዝግጁነት የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። አብዛኛው ገና አልተጠናቀቀም ካለ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ሻጩን ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ጥቂት ቀን ይንዳውና ተመልሳችሁ እዩት።

ባትሪን ካነሳን ግን ከመነቀሉ በፊት መለካቱ ነው የሚጠቅመው። ይህን ጽሑፉ ሳይነካው አልፏል። ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት የቆየ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያነብባል። ሞተር ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.7 አካባቢ መሆን አለበት። ቁልፍ ስትጠመዝዙ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቮልት ሲወርድ ኮምፒዩተሮች ይደናገራሉ። አንዱ ገና ሳይነቃ ሌላው ይጠይቀዋል። መልስ ሲያጣ ኮድ ይመዘግባል። ደካማ ባትሪ ቀይሬ ሦስትና አራት ኮድ አብሮ የጠፋበት መኪና አውቃለሁ።

ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን ወፍራም ሽቦም እዩት። ብሎኑ ላልቶ ወይ ዝጎ ይገኛል። ሞተር እየሠራ መብራት ሁሉ በርቶ የባትሪው ኔጋቲቭና ሞተሩ መካከል ቴስተር አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ብሎኑን ፍቱ፣ በሸራ ወረቀት ፈትጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«ካልጠፋ የሞተሩን ኮምፒዩተር ቀይር»

የመጨረሻው የመጨረሻ መሆን ያለበትን ሁለተኛ አደረገው። ኮምፒዩተር ራሱ ይበላሻል፣ አልክድም። ግን በመጀመሪያ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ባትሪው፣ ኔጋቲቩና ፊውዙ ይጣራ። ከሌላ መኪና የተፈታ ኮምፒዩተር ደግሞ ዝም ብሎ አይሰካም። ብዙዎቹ ከቁልፉና ከመኪናው ቁጥር ጋር መግባባት አለባቸው። አለበለዚያ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም። አንድ ችግር ይዛችሁ ገብታችሁ ሁለት ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ኮምፒዩተር የሚገድሉ ሁለት ልማዶችን ግን አውቃለሁ። አንደኛው ፒካፕ ላይ ፖርቶመጋላ ወይም የጭነት ብረት ሲበየድ ባትሪውን አለመንቀል ነው። የብየዳው ጅረት በቦዲው በኩል መንገድ ፈልጎ ይገባል። ሁለተኛው ላቫጆ ነው። ልጆቹ ኮፈን ከፍተው በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሶኬቱ ላይ ይረጩበታል። መኪናው ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፤ ሶኬቱ ውስጥ የገባው ውሃ ግን አይታይም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ሞተር ይታጠብልኝ ካላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት።

ጽሑፉ ልክ የሆነበት

የካምቢዮ ዘይት ይታይ ማለቱ ትክክል ነው። መጠኑ ከወረደ ወይም ተቃጥሎ ከሸተተ እውነተኛ የካምቢዮ ችግር ሊኖር ይችላል። ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ካምቢዮው ራሱ የሚናገር ኮድም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ዋናው ነገር ኮዶቹን ሁሉ ማየት ነው።

እዚህ ላይ በስልክ የሚሠሩት ኢኤልኤም 327 የሚባሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ሰውን ያሳስታሉ። መሣሪያው መጥፎ አይደለም። ግን ከሚከፈቱለት ነጻ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሞተሩን ኮምፒዩተር ብቻ ያናግራሉ። የካምቢዮውንና የኤቢኤሱን አያዩም። የጋሼን ፒካፕ ሁሉንም በሚያነብ መሣሪያ ሳየው የካምቢዮው ኮምፒዩተር ዩ0100 መዝግቦ አገኘሁ። «ከሞተሩ ኮምፒዩተር ጋር ግንኙነት ጠፋብኝ» ማለት ነው። አንዱ «መልእክት አልደረሰኝም» ይላል፣ ሌላው «ከጓደኛዬ ጋር ተቆራረጥኩ» ይላል። ሁለት ሰው ስልክ ሲያወራ ሁለቱም «አይሰማም፣ አይሰማም» ካሉ ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው። ስለ ካምቢዮው ውስጥ የሚናገር አንድም ኮድ አልነበረም። የመጀመሪያው ጋራዥ ፒ2544ን ብቻ ነው ያየው።

ጽሑፉ ይህን ኮድ ይዛችሁ አትክነፉ ማለቱም ልክ ነው። እያንገጫገጨ ያለ መኪና ጭነት ይዞ ዳገት አይውጣ።

«ለምርመራ ብር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው»

የሥራ ባልደረቦቼን የሚመለከት ስለሆነ ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ነው።

በእኛ አገር ሰው ለዕቃ ይከፍላል። ለእጅም ይከፍላል። ለመፈለግ ግን አይከፍልም። «ዝም ብለህ ነው ያየኸው፣ ምን ሠራህ?» ይላል። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እንግዲህ መካኒኩን አስቡት። ግማሽ ቀን ሽቦ ለሽቦ ሲፈልግ ቢውል ምንም አያገኝም። «ካምቢዮ ነው» ቢል ግን ዕቃው ይመጣል፣ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ይከፈለዋል። ጽሑፉ የሚመክረው ነገር መካኒኩን ወደ ዕቃ መቀየር የሚገፋ ነው። ሳይመረምር የሚቀይረውን ሰው እያበዛ፣ የሚመረምረውን ሌባ ይለዋል። ይህ ቅር አሰኝቶኛል።

ባለመኪናው ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ገና ሲጀመር «ለምርመራው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ምን ለካህ? ስንት አነበበ? የት ነው ያገኘኸው?» በሉ። የለካ ሰው ቁጥር ይነግራችኋል፤ ቦታውንም በጣቱ ያሳያችኋል። «ኮዱ እንደዚህ ስላለ ነው» ብቻ ካላችሁ ገና አልተመረመረም ማለት ነው፣ አትክፈሉት።

የጋሼን ሽቦ የተበላውን ክፍል ቆርጬ በተመሳሳይ ውፍረት አዲስ ሽቦ ቀጠልኩ። በካውያ በየድኩት፣ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ከጓደኛው ጋር እንደ ድሮው ጠመዘዝኩት። መጠምዘዙ ለውበት አይደለም፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከውጪ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻን እኩል እንዲቀበሉትና እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ነው። ሳይጠመዘዝ ረጅም ሽቦ የቀጠለ ሰው ኮዱ ተመልሶ ይመጣበታል። ከዚያ ቴስተሩን ሰክተን ረዳቴ እንደገና ነቀነቀው። 60። የትም ቢነካው 60። ዝናቡ ሳያባራ ከጋሼ ጋር እንጦጦን ወጥተን ወረድን። ማርሹ ሲገባ አላንገጫገጨም።

ስንመለስ «ስንት ነው?» አሉኝ። የሦስት ሰዓት ሥራ አስቤ ነገርኳቸው። የቆረጥኩትን ቁራጭ ሽቦ መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ለዚህች?» አሉ።

«ለሽቦዋ አይደለም ጋሼ፣ ያለችበትን ለማግኘት ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆጥረው ሰጡኝ። ሽቦዋን ኪሳቸው ከተቷት። ካምቢዮ ይቀየር ላላቸው ሰው ላሳያት ነው አሉ። በማግስቱ በደጃቸው ሳልፍ የድርቆሹን ክምር ከፒካፑ ማቆሚያ ወደ ጓሮ እያዞሩ ነበር።